አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ሰው

ልጅ እያለሁ እሑድ እሑድ ጠዋት መዳፌ ቀይ ይሆን ነበር። ያኔ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረን የምናስቀድሰው ከዳንፎርዝ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የፈረንጆች የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተከራይተን ነው። መስኮቶቹ ሥዕል ያለባቸው ባለ ቀለም መስታወት ነበሩ። ፀሐይ ስትወጣ ልጆች በምንቆምበት በኩል ካለው መስኮት ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ይፈስብናል። እኔ እጄን ዘርግቼ ቀዩን እይዛለሁ።

ቅዳሴው በግዕዝ ስለሆነ አይገባኝም፤ አማርኛም ማንበብ ገና አልቻልኩም። አጠገባችን የሚቆሙት እማማ ስንዱም ፊደል አልቆጠሩም። ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ከጎጃም የመጡ አሮጊት ነበሩ። ሥዕል ማንበብ ግን ያውቁበታል። የደግ ሰው ሁለቱም ዓይኖች ይታያሉ፤ ክፉ ሰው በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው። በእኛ መስኮት ላይ ቀይ ካባ የለበሰው ክርስቶስ ቆሟል፤ ከፊቱ አንድ ሰው ተንበርክኳል፣ በጎን የተሳለ። የመስኮቱ ታችኛው ክፍል ውጭ ባለው ትልቅ የሜፕል ዛፍ ጥላ ስለሚጨልም የሰውዬው እጆች አይለዩም ነበር።

«ይሁዳ ነው» አሉ እማማ ስንዱ። «ሊስመው እየተጠጋ ነው። እኔ ይሁዳ ፊት ልሰግድ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጡ። ሌሎች እናቶችም ተከተሏቸው። በመጨረሻ የሰበካው ጸሐፊ ጋሽ መላኩ ባለቤቶቹን አስፈቅዶ በእኛ ሰዓት የሚጋረድ ወፍራም ሰማያዊ መጋረጃ አሰፋ።

«እማዬ ፕሊስ፣ ከቨር እንዳያደርጉት ንገሪያቸው» አልኳት እናቴን።

«ትልልቅ ሰዎች የወሰኑትን እኔ ምን ላድርገው?» አለችኝ።

መጋረጃው የሚሰቀልበት እሑድ ከባድ ነፋስ ያደረበት የኅዳር ጠዋት ነበር። ገና ሳይነጋ ስለገባን መስኮቶቹ ጥቁር ነበሩ። ሲነጋጋ ጋሽ መላኩ መጋረጃውን ትከሻው ላይ ጥሎ መሰላል ወጣ። እኔ መዳፌን ዘርግቼ ጠበቅሁ፤ ለመጨረሻ ጊዜ መስሎኝ ነበር።

ፀሐይዋ ስትወጣ መስኮቱ እስከ ታች ድረስ በራ። ቤተ ክርስቲያኑን ከተከራየን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋሱ የሜፕሉን ቅጠል አራግፎታል። አይተነው የማናውቅ አረንጓዴ ሣር መጣ፣ ባዶ እግር መጣ፣ ቀጥሎ የተንበረከከው ሰው እጆች። ሁለት ቁልፎች ይዘዋል፤ አንዱ እንደ ወርቅ ቢጫ፣ ሌላው ነጭ። ቀለሙ በወለሉ ላይ ተዘርግቶ የእማማ ስንዱን ነጠላ ሲነካ ዞር አሉ።

«መላኩ! ውረድ አንተ! ቁልፍ ይዟል እኮ፣ ጴጥሮስ ነው!»

«እማማ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ይሁዳ ነው ያሉት?»

«ፈረንጆቹ አንዱን ዓይኑን ቆጥበውበት ነዋ! እኔ ምን ላድርግ?»

ጋሽ መላኩ መሰላሉ ላይ እንዳለ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። እማማ ስንዱ ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው ተንበርክከው ግንባራቸውን በቀለም የተሞላው ወለል ላይ አኖሩ።

ካደግሁ በኋላ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ስለእነዚህ መስኮቶች አነበብኩ። የእኛው ያን ያህል አሮጌ አልነበረም፤ ልማዱ ግን ከመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የመጣ ነው። ያኔ አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ ስለማይችል ታሪኩን ከመስታወቱ ላይ ያይ ነበር። ለዚያ ብቻ ቢሆን ግን ግድግዳ ላይ መሳልም ይበቃ ነበር። እነሱ ብርሃኑን ራሱን ፈልገውታል፤ መስታወቱን ሳይሰብር የሚያልፈውን ብርሃን የእግዚአብሔር ምልክት ያደርጉት ነበር። ይህን ሳነብ በቀለሙ ወለል ላይ ያረፈችው የእማማ ስንዱ ግንባር ትዝ አለችኝ።

እማማ ስንዱ አርፈዋል። ዛሬ የራሳችን ሕንፃ አለን፣ ቀድሞ መጋዘን የነበረ። ቅዳሴው በግዕዝ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በትልቅ ስክሪን ላይ ይነበባል፤ የማይገባው ልጅ የለም። ያኔ ሳይሰቀል የቀረው ሰማያዊ መጋረጃም አለ። የመኪና ማቆሚያው እንዳይታይ ተራውን መስኮት ይጋርዳል።

እሑድ ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት ጫፉን ትንሽ ገለጥ አደርገዋለሁ። ቀለም የሌለው ብርሃን ወለሉ ላይ ይወድቃል። ባለፈው ሳምንት አጠገቤ የቆመች ትንሽ ልጅ ዓይኗን ከስክሪኑ ነቅላ መዳፏን ዘረጋችለት።