ለእማዬ የመረጥኩት ቴሌቪዥን

አባቴ ከሞተ በኋላ እቤት የቀረነው እማዬና እኔ ነበርን። ቤታችን አዲስ ዓለም ነው፤ የጎንደር ሙስሊም ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ሲነግድ የኖረበት ሰፈር። እኔ ንግዱ አልሆንልሽ ብሎኝ አስተማሪ ሆንኩ። ሱቁ ለታላቅ ወንድሜ ደረሰው፤ ቅዳሜ ገበያ ብርድ ልብስና አንሶላ ይሸጣል። በብዙ ዓመት ስለሚበልጠኝ ስሙን ጠርቼው አላውቅም፤ «አያ» እያልኩት ነው ያደግሁት።

እማዬ ከዚህ ዓለም የቀራት ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ሐጅ። ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ለለቅሶ ካልሆነ ከግቢ አትወጣም፤ ቢሆንም «እየዳህሁም ቢሆን እሄዳለሁ» ትላለች። አያም አባታችን በተቀበረ ሰሞን «የምወስድሽ እኔ ነኝ» ብሎ ቃል ገብቶላታል። ያለ እሱ መሄድ አትችልም፤ በእኛ ዘንድ ሴት ለሐጅ ስትነሳ ባሏ ወይም የቅርብ የሥጋ ዘመዷ የሆነ ወንድ አብሯት መሆን አለበት። ፓስፖርቷን አውጥታ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ፎቶውን ባየች ቁጥር «ይህን ፊት አይቶ ማን በር ይከፍትልኛል» እያለች ትስቃለች። በየዓመቱ ሌሎች ሄደው ይመለሳሉ፣ ለእሷ ከመካ የሚያመጡት የዘምዘም ውኃ ይደርሳታል። አያ «ለከርሞ» ይላል፣ እሷ «ኢንሻአላህ» ትላለች።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ አንድ አርብ አያ ከጁምዓ መልስ እቤት መጣ። ያኔ የነበረን ቴሌቪዥን ጀርባው የተቆዘረ፣ ጎኑን በጥፊ ካልመቱት ቀለም የማያወጣ ነበር። አያ እሱን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«እማዬን በዚህ ማንገላታት ነውር ነው» አለኝ። «ኤች ዲ የሚሉት መጥቷል። መካን ሌት ተቀን የሚያሳይ ጣቢያ አለ፤ የሰው ላብ ሳይቀር ይታያል አሉ። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን አንቺ እናድርግና እንግዛላት። የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ምረጪ። ብቻ ከሐጁ ወር በፊት ይድረስ።»

እንባዬ መጣ። በማግሥቱ አስተማሪዎች ክፍል ገብቼ፣ ወንድም ማለት የኔ ወንድም ነው ብዬ አወራሁ። ምነው ያኔ አፌን በዘጋው።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስወጣ ከፒያሳ እስከ አራዳ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሁሉ መዋያዬ ሆነ። ሱቆቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ከቴሌቪዥኑ ጎን ፍላሽ ይሰኩና ቀይና ቢጫ ዓሣ ሲዋኝ፣ አበባ ሲፈነዳ ያሳዩሻል። አፍሽን ከፍተሽ ስታዪ ዋጋውን ይነግሩሻል። እኔ ግን የደሞዝ ሰው ነኝ፤ ለዓሣ የምከፍለው የለኝም። «ፍላሹን ንቀለውና ዲሽ ላይ አገናኝልኝ» እላለሁ። አብዛኞቹ ፊታቸው ይጠቁራል። ባለሱቁ እሺ ካለ ደግሞ ጉዱ ይወጣል፤ ቅድም ዓሣው ክንፉ ሳይቀር ይቆጠር የነበረበት ሰፊ ሰሌዳ ላይ የዜና አንባቢው ፊት እንደ ቀጠነ ሊጥ ይፈሳል።

እንዲህ እያልኩ ብዙ ነገር ተማርኩ። ቴሌቪዥኑ ኤች ዲ ቢሆን ሪሲቨሩ አሮጌ ከሆነ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ካለን ብር ላይ ለአዲስ ሪሲቨር መቀነስ ነበረብኝ፤ ያ የሚቀነሰው ደግሞ ከስፋቱ ነው። አርባ ኢንቹን ትቼ ሠላሳ ሁለቱን ያዝኩ። ባለሱቁ «እህቴ፣ ትልቁ እኮ ለሳሎን ግርማ አለው» ቢለኝ፣ «እናቴ የምታየው ሰው ነው፣ ግርማውን ለሚገዛህ ሽጥለት» አልኩት። ሽንጤን ገትሬ ተከራክሬ ገመዱን በምርቃት አስጨመርኩ። ባጃጅ ላይ ካርቶኑን አቅፌ ስሄድ ልጅ የታቀፍኩ ያህል ነበር የምጠነቀቀው።

የዲሽ ሠራተኛው ጣሪያ ላይ ወጥቶ «መጣ?» ይላል፣ እኔ ከሳሎን «አልመጣም» እላለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማን። በመጨረሻ ካዕባ ሰሌዳው ላይ ወለል አለ። የለበሰው ጥቁር ጨርቅ የወርቅ ጥልፍ ክሩ ይለያል። እማዬ «ሱብሃነላህ» ብላ ወንበሯን አስጠጋች። ብዙ ሳትቆይ አንድ ነገር አየች፤ አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ ጎልማሳ ልጇ እየገፋ በካዕባ ዙሪያ ያዞራታል።

«እያት» አለችኝ። «እኔስ ጉልበቴን ስፈራ ነበር። ለካ እንዲህም ይዞራል።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሰሌዳው ላይ የምትፈልገው ተሽከርካሪ ወንበር ብቻ ሆነ። ባየች ቁጥር ትጠራኛለች። እኔም በመረጥኩት ዕቃ ኮራሁ፤ በአሮጌው ቢሆን ኖሮ ያቺን አሮጊት ማን ይለያት ነበር።

ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ጎረቤታችን የሆነች ሴት ቴሌቪዥኑን ልታይ መጣች። ዕቃውን መርቃ፣ ሻይዋን ፉት ብላ፣ «ማብሩክ ነው መቼም» አለች። «ልጅሽም ምራትሽም የዘንድሮ ሐጃጅ ሆኑ አሉ። ምራትሽ የሐጁን ክትባት የተከተበችው ከእህቴ ልጅ ጋር ነው።»

እማዬ ዓይኗን ከሰሌዳው አላነሳችም። «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ እንደሚያውቅ ሰው። ሴትዮዋ ስትወጣ ነው ወደ እኔ የዞረችው።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ወላሂ አላውቅም» አልኳት። ማመኗን ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም። እኔም ብሆን በእሷ ቦታ አላምንም ነበር፤ ዕቃውን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝና።

እሳት ጎርሼ ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። አያ ብርድ ልብስ ያጥፍ ነበር፤ ሳየው ማጠፉን አላቆመም።

«እውነት ነው?»

«የተገኘው ሁለት ቦታ ነው» አለ። «ሚስቴ ደግሞ ስትለምነኝ ኖራለች። እማዬ በዚያ ጉልበቷ ያን ሰው ሁሉ እንዴት ትችለዋለች?»

«በወንበር እየተገፋ የሚዞር አለ። አይታለች።»

«የት ነው ያየችው?»

«አንተ ባስገዛኸኝ ቴሌቪዥን።»

ያጠፈውን ብርድ ልብስ መደርደሪያው ላይ አኖረ። ከዚያ ድምፁን አለዝቦ፣ ለደንበኛ እንደሚያወራ፣ «ለዚያ ብዬ እኮ ነው ያስገዛሁሽ» አለኝ። «እቤቷ ቁጭ ብላ እንደ ልቧ ታየዋለች። አንቺም ቀስ አድርገሽ ትነግሪያታለሽ ብዬ ነበር። አንቺን ትሰማለች።»

«ከሐጁ ወር በፊት ይድረስ» ያለኝ ያኔ ገባኝ። ሊያስደስታት መስሎኝ ነበር። ለካ እሱ ሲሄድ አፏን የሚያሲዝለት ነገር ፈልጎ ነው፤ አቀባዩንም እኔን አድርጎ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይሉት እኔ ነኝ፤ ያን ሁሉ ሱቅ ዞሬ የሰሌዳ ጥራት ስመረምር የገዛ ወንድሜን ፊት አላየሁም። እንዲያ ተከድቼ አላውቅም። ባዕድ ቢሆን እሰድበው ነበር፤ እሱ ግን አያ ነው፤ ትቼው ወጣሁ።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት እየዞረ «አፉ በሉኝ» ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። የእናት አፉታ ሳይዙ መነሳትማ አይታሰብም። አያ በመነሻው ዋዜማ ከሚስቱ ጋር መጣ። ሚስቱ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። እሱ እማዬ ፊት ተንበርክኮ ጉልበቷን ያዘ።

«እማዬ፣ አፉ በይኝ።»

እምቢ እንድትለው ተመኘሁ። ከልቤ ነበር የተመኘሁት።

«ለሐጁ አፉ ብዬሃለሁ» አለችው። «ጥሪው የአላህ ነው። እሱ ከጠራኝ አንተ አታስቀረኝም፣ ካልጠራኝም አንተ አትወስደኝም። ሸጋ መንገድ ያድርግልህ።»

አያ እፎይ አለ። ጉልበቷን ስሞ ሊነሳ ሲል እጁን ያዘችው።

«ቴሌቪዥኑ ግን ያንተ ሐሳብ ነው። በእህትህ እጅ ነው የላክኸው። እሱን አፉ አላልኩህም።»