ላጤነቴን ያስመሰከርኩበት ብድር

ባንክን መናቅ የጀመርኩት ብድር ከመጠየቄ በፊት ነው። ከጳውሎስ ሆስፒታል ማዶ፣ በሁለት ፋርማሲዎች መካከል የተሸጎጠች ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ደንበኞቼ የሕክምና ተማሪዎች፣ የምርመራ ወረቀት የያዙ አስታማሚዎችና ባንክ "አሟልታችሁ ኑ" ያላቸው ሰዎች ናቸው። ባንክ የሚጠይቀውን ወረቀት ከባንኩ ሠራተኞች በላይ አውቀዋለሁ። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የቤት ካርታ፣ መታወቂያ ከፊትም ከኋላም። ሰዉ ሁለት ሁለት ኮፒ አስነስቶ ይሄዳል፤ በማግስቱ "ጠፍቷል፣ ድጋሚ አምጣ ተባልኩ" ብሎ ይመለሳል። እንጀራዬ ስለሆነ አልከፋም ነበር። ግን ሰማይ የሚነካ የመስታወት ሕንጻ አቁሞ አንዲት ወረቀት መያዝ ያቃተው መሥሪያ ቤት የሰው ብር እንዴት ይይዛል እያልኩ እስቅ ነበር።

በኋላ የእኔም ተራ ደረሰ። ማሽኔ አርጅታ ወረቀት እየቆረጠመች አስቸገረችኝ። በዚያው ሰሞን ከመንገዱ ወዲያ አንድ ጎረምሳ የቀለም ማተሚያና መጠረዣ ይዞ ከፈተ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትሙት ተማሪዎች በሙሉ ወደ እሱ ነጎዱ። አዲስ ማሽን ካልገዛሁ ቤቱን ልዘጋ ነው። ስለዚህ ፋይሌን አዘጋጅቼ አሥራ አራት ዓመት ወደ ቆጠብኩበት ባንክ ሄድኩ።

የብድር ክፍሉ ሠራተኛ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ከረባቱ አንገቱን አንቆ የያዘው ወጣት ነበር። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ገልጦ ሲጨርስ ከንፈሩን መጠጠ።

"እ... ጋሼ፣ የጋብቻ ሁኔታዎ አልተሟላም። ወይ የጋብቻ ሰርተፊኬት ከባለቤትዎ ፊርማ ጋር፣ ወይ ያላገባ ማስረጃ።"

"ካገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው" አልኩት።

"ሰርተፊኬቱስ?"

"ሽማግሌ ተልኮ፣ ድንኳን ተጥሎ ነው ያገባነው። ያኔ ማን ሰርተፊኬት ያወጣ ነበር?"

"እሱን ሲስተሙ አይቀበለውም፣ ጋሼ።"

አሥራ አራት ዓመት የዕለት ገቢዬን ይዤ ስመጣ አግብተሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ብሬን ለመቀበል ጋብቻዬ አላስፈለጋቸውም። ሊሰጡኝ ሲሆን ግን መኝታ ቤቴ ድረስ ገቡ።

ጋብቻውን አሁን ማስመዝገብ ይቻል ነበር። ችግሩ ባለቤቴ ከእንጦጦ ወዲያ፣ ሱሉልታ ተወልዳ ያደገች ናት፤ መታወቂያዋም የዚያው ነው። ለመመዝገብ የእኛ ወረዳ መታወቂያ ያስፈልጋታል፣ ወረዳው ደግሞ አዲስ መታወቂያ መስጠት ለጊዜው አቁሟል። ለጊዜው ሲሉ እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ወጣቱ በበኩሉ ሰኔ ሠላሳ ካለፈ በጀቱ ተዘግቶ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል አለኝ። ሰኔ ከገባ ሳምንት ሆኖታል። ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ማለቴ... ብዙ ሰው ያላገባ የሚለውን ወረቀት ነው የሚያመጣው። ቶሎ ያልቃል። ለዋስትና ያስያዙት ቤት እንደሆነ የአባትዎ ውርስ ነው፣ በእርስዎ ስም ብቻ ነው። በቃ፣ ወረቀት ነው።"

እኔም በቃ ወረቀት ነው አልኩ። ወረቀት ስገለብጥ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ክብደቱ ጠፍቶብኝ ነበር። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ? የመጀመሪያዋን ማሽን የገዛነው የሰርጓን ሐብል ሸጠን ነው። ያኔ ያበደረኝ ባንክ አልነበረም፣ እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ሱቁን የምትከፍተው፣ የተማሪዎቹን ስም የምታውቀው፣ ብር ያጠረውን አስታማሚ "ነገ ትሰጣለህ" ብላ የምትሸኘው እሷ ናት። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ገብታለች። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ሦስት ምስክር ይዤ ወረዳ የሄድኩት።

ከሦስቱ ሁለቱ፣ እሷን ከአባቷ ቤት የጠየቁልኝ ሽማግሌዎች ነበሩ። አንደኛው ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የሚሰፉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቃላቸውን የሚያምን አዛውንት ናቸው። እጃቸውን አንስተው "ይህ ሰው አግብቶ አያውቅም" ሲሉ ድምፃቸው እንኳን አልተንቀጠቀጠም። እኔም ፈረምኩ። ስንወጣ ምሳ ልጋብዛችሁ ብዬ ሥጋ ቤት ወሰድኳቸው። "አንተ ሰውዬ፣ የሰኔ ጾም መሆኑን ረሳኸው?" ብለው ተቆጡኝና ሽሮ አዘዙ። ሥጋውን ተጸየፉት፣ የሐሰት ምስክርነቱ ግን በደንብ ተዋጠላቸው። በእነሱ ለመሳቅ አፍ የለኝም፤ ሒሳቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ የባንኩ ገማች መሐንዲስ ቤቱን ሊለካ መጣ። ፊት ለፊቱ ብሎኬት፣ ጓዳው ጭቃ የሆነውን የአባቴን ቤት ግድግዳ በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ፣ የሸተተ ነገር እንደነካ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። የሜትሩን ጫፍ እኔ ይዤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄያለሁ። ባለቤቴ ሱቅ ናት ብዬ ነበር የቀጠርኩት፤ ምን እንዳመጣት እንጃ፣ በሩን ገፍታ ገባች። እንግዳ ስታይ እንደ ልማዷ "ቁጭ በሉ እንጂ፣ ውኃ እንኳን ሳትጠጡ" አለች። መሐንዲሱ ፋይሉን ገለጠ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ፋይሉን አየ።

"ባለቤቱ ላጤ ናቸው ነው የሚለው። እርስዎ ተከራይ ነዎት?"

ሜትሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። አሁን ብናገር ብድሩ ተበላሸ፣ ዝም ብል ምን እንደሚበላሽ አውቀዋለሁ። ሜትሩን ለመሐንዲሱ ወጠርኩለት።

"አዎ" አለችው፤ "ተከራይ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።"

እሱም "ተከራይ አለ" ብሎ ጻፈ። እንዲህ ዓይነት መሥሪያ ቤት ነው እንግዲህ የሰው ንብረት የሚገምተው።

ሰኔ ሳያልቅ በአራት ዓመት የሚከፈል ብድር ተለቀቀልኝ። ባንኩ "እንኳን ደስ አለዎት፣ ውድ ደንበኛችን" የሚል መልእክት ላከልኝ። ባለቤቴ በእነዚያ ሳምንታት ምግብ ታቀርባለች፣ ሱቅ ትከፍታለች፣ ቃል ግን አትወጣትም። ማሽኑ ሐምሌ ላይ ተተከለ። ደስታው ናላዬን አዙሮት ያን ዕለት ማታ፣ "መታወቂያ መስጠት ተጀምሯል አሉ፣ እንሂድና እንመዝገብ" አልኳት።

"ያላገባ ሰው" አለችኝ፣ ልብሷን ማጠፍ ሳታቋርጥ፣ "መጀመሪያ ሽማግሌ ይልካል።"

በማግስቱ ሱሉልታ ወንድሟ ቤት ሄደች።

ቁጣዋ ይበርዳል ብዬ ሐምሌና ነሐሴን ጠበቅኩ። አልበረደም። መስከረም ላይ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ለመንኩና በሚኒባስ እንጦጦን አሻግሬ ላክኋቸው። በመጀመሪያው ቀን ወንድሟ፣ ለማንም ጠያቂ እንደሚባለው፣ "አስበን እንመልሳለን" ብሎ ሸኛቸው። በሁለተኛው ግን አስቀምጦ፣ "ለመሆኑ ልጃችሁ ከዚህ በፊት ሚስት አግብቶ ያውቃል?" አላቸው። ይህን የነገሩኝ ልብስ ሰፊው አዛውንት ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የተመለሱት።

"ታዲያ ምን አሏቸው?" አልኳቸው።

"ምን ልበል? አላገባም እንዳልል እሷ ፊቴ ቁጭ ብላለች። አግብቷል እንዳልል ፈርሜያለሁ። ራሱ ይምጣና ይናገር ብለዋል። እኔ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቦታ እንዳትልከኝ።"

ኅዳር ሲገባ አብሬያቸው ሄድኩ። ሃያ ሁለት ዓመት በቤተሰብነት የገባሁበት ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ወንድሟ አልተሳደበም፣ አልጮኸም። ሽማግሌዎቹ ይቅርታ እንደምጠይቅ፣ ያደረግሁት ለቤቱ ብዬ እንደሆነ፣ ባንኩ እንዳስገደደኝ አስረዱልኝ። የሚሉት ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን አፈርኩበት። ማንም አላስገደደኝም። ሁለት ምርጫ ሰጡኝ፣ የቀለለኝን አነሳሁ።

እሷ ጨርሳ ሰማችና ወደ እኔ ዞረች።

"ሐብል አልጠይቅህም፣ ካሣም አልጠይቅህም። ነገ ሄደህ ለባንኩ ሚስት አለችኝ በላቸው። በቃ። ከዚያ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።"

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። ልብስ ሰፊው እንዲያውም ፈገግ ብለው፣ "ይኼማ ምን አለው!" አሉ። እኔ ግን የብድር ውሉ ትዝ አለኝ። የሰጠሁት መረጃ ሐሰት ከሆነ ብድሩ ባንድ ጊዜ ይመለስ የሚል መስመር አለው፤ ራሴ ነኝ ኮፒ ያደረግሁት። ማሽኑም ቤቱም ዓይኔ ላይ ድቅን አሉ። ስንቀው የኖርኩትን ባንክ ምን ያህል እንደምፈራው ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

"እነግራቸዋለሁ" አልኩ። "ብድሩ ብቻ ተከፍሎ ይለቅ።"

"ስንት ወር ይቀረዋል?"

"አርባ አራት" አልኳት፤ ለማሰብ እንኳን አልቆየሁም።

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና፣ "ሽማግሌዎቹን ሸኝልኝ" አለችው ወንድሟን። እኔንም አብሮ ሸኘኝ።