ለቅሶ የደረስኩለት ቡድን

ልጄ ሴንት ፖል ላለ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ሚኒያፖሊስ ላለው ተቀናቃኛችን። እኔና እሱ ብሉሚንግተን ውስጥ ለአንድ ሆቴል የእንግዶች ቫን ስለምንነዳ፣ በጨዋታ ማግስት መደባበቅ የሚባል ነገር የለም።

የእነሱን ቡድን ለዓመታት እንደ መክሰስ ስንበላው ነበር። የሚቀይሩት ተጫዋች ስላልነበራቸው የተጎዳችው እያነከሰች ትጨርሳለች። ደጋፊያቸው ወላጅ ብቻ ነው፤ እሱም ሥራ ያልገባ ከሆነ። እኔ ደግሞ በተረብ አልታማም። አንዴ ክፉኛ ባሸነፍናቸው ማግስት ስንዴና ሽምብራ ቀቅዬ፣ ንፍሮውን ይዤ ለቅሶ ደረስኩት። ፊቴን አጨፍግጌ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። ሳቀ፤ ንፍሮውንም ሙልጭ አድርጎ በላው።

«ልጅህን ለምን እኛ ጋ ትራንስፈር አታደርጋትም?» ስለው ግን ሳቁን አቆመ።

«አልሄድም ብላለች። አዲሷ የቡድኑ ኮች ታገሱኝ ብላቸዋለች።»

የዋህነት መሰለኝ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኛን ረግጦ እንደሚሄድ ግን የነገረኝ የለም። መጀመሪያ የሚሸነፉበት ልዩነት ጠበበ። ቀጥሎ የእኛ ልጆች ማላብ ጀመሩ። በመጨረሻው ዓመት አዳራሻቸው ሞልቶ መቀመጫ ፍለጋ ስንከራተት በጣም ተናደድኩ። ሜዳውን ሳይ ግን ንዴቴ በረደ። ከሌላ ቦታ ኮከብ አላመጡም፤ እነዚያው ልጆች ናቸው። እያነከሰች ትጨርስ የነበረችው የባልደረባዬ ልጅም እዚያው አለች። ሳልወድ በግዴ አከበርኳቸው።

ያን ቀን የተሸነፈ የውድድር ዓመቱ ያበቃል። ለልጄ ደግሞ የኮሌጅ ጨዋታ ራሱ ማብቃቱ ነው። ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው በአንድ ነጥብ እንመራለን፤ ኳሱም ልጄ እጅ ላይ ነው። የባልደረባዬ ልጅ ከጎን ብቅ ብላ ነጠቀቻትና ሮጣ አስገባች። ተነስቼ ቆሜያለሁ። እያጨበጨብኩ መሆኔን ያወቅኩት ባለቤቴ በክርኗ ስትጎሽመኝ ነው።

በዚያችው ነጥብ ተሸንፈን ሲያበቃ ባልደረባዬን ፈልጌ አቀፍኩት። ቢተርበኝ መብቱ ነበር። «ልጅህ ደህና ናት?» ብቻ አለኝ።

ሮዝቪል ወዳለው ቤታችን ስንመለስ ልጄ ከኋላ ወንበር ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ዳድ፣ ክላፕ አደረግክላት አይደል?»

መካድ አማረኝ። «አዎ» አልኳት።

«ዋይ? ለምን?»

«ያን ሁሉ ዓመት ስትሸነፍ አይቻታለሁ። ትታቸው አልሄደችም። እውነቴን ነው፣ ኮራሁባት።»

እናቷ ወደ እኔ ዞራ አፈጠጠችብኝ።

«እኔም ክላፕ አደርግላት ነበር» አለች ልጄ። «ግን ዳድ፣ የወሰደችው ከኔ እኮ ነው» አለችና አለቀሰች።