የሐጂን አውቶሞቢል ፍለጋ፣ ከቦሩ ሜዳ እስከ ኮምቦልቻ

ንጋት፣ ቦሩ ሜዳ

ሱብሂን ሰግጄ ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ትናንት አንድ የደሴ ባትላሜራ፣ እንደኔ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ ደውሎ «የሐጂን አውቶሞቢል ሊቆራርጡት ነው» አለኝ። ሳይቆርጡት ልድረስ ብዬ ነው የምሄደው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጣሊያን ከጦርነቱ በፊት ለሀብታም የሠራው ነው፤ ሁለት በር፣ አፍንጫው ረጅም። ቆርቆሮውን ማሽን አልጨፈለቀውም። ሰው በእንጨት መዶሻ ቀጥቅጦ ነው ያወጣው፣ አንዱን ብቻ። የሟቹ የደሴ ሐጂ አባት ከአንድ ጣሊያን ገዙት። እኔ የቆርቆሮ ሥራ የተማርሁት በሱ ነው። አለቃዬ ዓይኔን በሻሽ አስሮ መዳፌን ፓራፋንጎው፣ የጎማው ክዳን፣ ላይ ያስሄደኝ ነበር፣ ስርጉዱን በእጄ እስክለይ ድረስ። ኋላም ሳድሰው የኖርሁ እኔ ነኝ።

ሚኒባሱ ጆንያ በጆንያ ሆኗል። ሾፌሩ ዞሮ አየኝ።

«አባቴ፣ ሰው ሐኪም ፍለጋ ወደ ቦሩ ይመጣል፣ እርስዎ በማለዳ ከቦሩ ወዴት ነው?»

«መኪና ሊታረድ ነው፣ ላስጥል።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሁለት ሰዓት፣ ደሴ

ሐጂ ግቢ ውስጥ አራት ድንጋይ ብቻ ቆሟል። መኪናው የነበረበት መሬት ደረቅ ነው፣ ዙሪያው ጭቃ። የሐጂ ልጅ ዘሃራ ወጣች።

«የታለ?»

«ትናንት ጭነው ኮምቦልቻ ወሰዱት። አቅልጠው ድስት የሚሠሩ ናቸው የገዙት።»

«ማን ሽጪ አለሽ?»

«እርስዎ ነዎታ! ለአባባ ሰደቃ የመጡ ጊዜ ያ ሁሉ ሰው ፊት ማግኔት አስጠግተው ‹አይይዝም፣ ይሄ ብረት አይደለም፣ ንጹሕ አልሙኒየም ነው› አላሉም? እኛማ የዛገ ብረት መስሎን ትተነው ነበር። በሳምንቱ የነሱ ቁራሌ በራችን ላይ ቆመ።»

እውነቷን ነው። እኔ አይዝግም፣ አትጣሉት ለማለት ነበር። ከቁራሌው ሌላ ሰው አልሰማኝም።

«አብሽር አባቴ፣ ቁርስ ይቅመሱ» አለችኝ። አልበላም ብዬ ወጣሁ።

ቁልቁለቱ

ከደሴ ሲወርዱ ጉሙ ከላይ ይቀራል። የከባድ መኪና ፍሬን ይሸታል። አጠገቤ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኝታለች፤ በየመታጠፊያው ግንባሯ ይመታል፣ አትነቃም። ኮምቦልቻ ስንገባ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ሙቀት ነው።

አምስት ሰዓት፣ ኮምቦልቻ

ማቅለጫውን እየጠየቅሁ አገኘሁት፤ በአሮጌ ቆርቆሮ ታጥሯል። መኪናውን አየሁት። አፍንጫ የለውም። ሁለት ጎረምሶች ጎኑን በመጥረቢያ ይጠርቡታል። ባለቤቱ ሰይድ ይባላል፣ ትሑት ሰው ነው።

«ወላሂ አባቴ፣ አፍንጫው ጧት እሳት ገብቷል።»

«የቀረውን ተወው።»

«ልተወውና የት ይግባ? ቦታ አለዎት?»

የለኝም። የኔ በር አህያ እንኳ አያስገባም።

አንዱ ጎረምሳ መጥረቢያውን ሲሰነዝር ከውስጥ እንጨቱ ተሰነጠቀ። የዚህ መኪና አጥንቱ እንጨት ነው፤ የቆርቆሮው ጫፍ በላዩ ታጥፎ በጥቃቅን ምስማር ተመቷል። ይሄን የሚያውቅ ሰው መጥረቢያ አያነሳም።

«ተው! እንዲህ አይደለም የሚፈታ!» ብዬ ጮህሁ።

«እንግዲያ አንተ ፍታው፣ ሽማግሌ» አለ ጎረምሳው።

«አንተ! አባትህ ናቸው» ሲል ሰይድ ተቆጣው።

«ጉጠትና መሮ አምጣ» አልሁት ጎረምሳውን።

ከበሩ ጀመርሁ። እጥፋቱን በመሮ እያነሳሁ፣ ምስማሩን አንድ በአንድ እየነቀልሁ። ጉልበቴ መሬቱን አልቻለም፣ ጆንያ አነጠፉልኝ። ሰይድ ውኃ ይዞልኝ ቆመ። ሌላው ጎረምሳ ምድጃው ላይ ወናፍ ይነፋል። የዙህር አዛን ሲሰማ ሰግጄ ተመለስሁ። የአስር ሰላት አለፈኝ። ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል የበሩ ቆርቆሮ ሳይጎብጥ፣ ሳይቀደድ፣ ሙሉውን ወጣ። ውስጡን በመዳፌ ዳሰስሁት። ከዚያ ለሰይድ ሰጠሁት። እሱም ለማቅለጥ ምድጃው አጠገብ አስተኛው።

«አንዱ በርና የኋላው ቀርቷል፤ ነገ ልጆቹ ይጨርሱታል» አለኝ።

«ማንም እንዳይነካው» አልሁት፣ «ነገ በጧት መጥቼ እኔ እፈታዋለሁ።»