ቆላ የወረደው ጉባኤ

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጊዜው የጥቅምት መባቻ ነበር። በረዶ ገብሱን ለሁለተኛ ዓመት ስላረገፈው የመንዝ ሰው ለገዛ ልጁ የሚሰጠው አጥቶ ነበር። ከመንደራችን የወጣነው መሸት ሲል ነው። በቀን ብንወጣ ጎረቤት ሁሉ ሊሸኘን ይመጣል፤ ለሸኚ የሚቀርብ ደግሞ በቤታችን አልነበረም። ከአንዲት እናት በቀር አንድም ሰው ሳይስመን ወጣን። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የምጽፈው ለእናንተ ለአገሬ ሰዎች፣ ደግሞም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ቆላ ለመውረድ ለምታስቡ ነው። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ዳዊት አስደግመውኛል፤ እጄን ለጽሕፈት ያስለመድሁት በኋላ በራሴ ነው። ስለዚህ አሳጥራለሁ።

ባለቤቴ መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው። የቅኔ ተማሪ እንዴት እንደሚኖር ታውቃላችሁ፤ ጠዋት አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ስለ ማርያም እያለ ቁራሽ ይለምናል፣ ያገኘውን በልቶ ይማራል። አገር ሲራብ ጉባኤው ይበተናል። ከብዙዎቹ ተማሪዎች ስድስት ብቻ ቀርተውልን ሳሉ፣ ከአዳማ ደብር «መምህር ይፈለጋል፣ ባቡር የሚያልፍበት ከተማ ስለሆነ እህል አይታጣም» የሚል መልእክት መጣ። መሪጌታ ተማሪዎቼን ትቼ አልሄድም አሉ። ስድስቱም ተከተሉን። አንዱ የራሴ ልጅ ሣህሉ ነው። በዕድሜ የሚበልጣቸው ዘነበ ሲሆን በቅኔ የሚበልጣቸው ግን ጥበቡ ነበር። ጥበቡ የአንዲት መበለት አንድያ ልጅ ነው። በዚያ ምሽት እናቱ ብቻ ነበረች የሰማችው፤ እስከ ወንዙ ሸኘችን። እጁን ይዛ ለመሪጌታ ሰጠቻቸውና፦

«ወልጄዋለሁ፤ የቀረው የእርስዎ ነው» አለች።

«በደኅና ወስጄ በደኅና እመልሰዋለሁ» አሏት።

አዲስ አበባ ድረስ በእግራችን ደረስን። ለገሃር ላይ ቲኬት የሚቆርጠው ሰው ባርኔጣ ያደረገ ያገራችን ልጅ ነበር። ከደብሩ የተላከልን የሁለት ሰው መሳፈሪያ ነበርና መሪጌታ ተማሪዎቹንም አብሮ እንዲያሳፍር ለመኑት። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«ይህ ሁሉ የእርስዎ ልጅ ነው?»

«የመንፈስ ልጆቼ ናቸው።»

«መንፈስ ቢሆኑ ባላስከፈልኋቸው። እነዚህ እግር አላቸው፣ ፉርጎ ላይ ይቆማሉ።»

መሪጌታ ብዙ አልተከራከሩም። ተማሪዬ በእግሩ እየሄደ እኔ በጭስ አልሄድም አሉና እኔን ከነዕቃው አሳፍረው እሳቸው ከልጆቹ ጋር ሐዲዱን ተከትለው ወረዱ። እኔ ከዶሮ ቅርጫትና ከአንድ ዐረብ ነጋዴ መካከል ተቀምጬ በአንድ ቀን ደረስሁ። እነሱ እግራቸው ቆስሎ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ከቀናት በኋላ መጡ። ጥበቡ በመንገድ ላይ ስለ ባቡሩ ቅኔ ተቀኝቶ ኖሮ እየሣቀ ነገረኝ። መሪጌታም በኩራት ያዩት ነበር። ስለዚያች ቀን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

አዳማ ሜዳ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ዙሪያውን ጉብታ ከቦታል፤ ሙቀቱ እንደ ድስት ውስጥ ነው። ቅቤ በቅል ውስጥ እንደ ውሃ ይንቦጫቦጫል። የጕድጓዱ ውሃ ይጎመዝዛል። በእኛ አገር ሰው እሳት ፍለጋ ይሰበሰባል፤ እዚህ ጥላ ፍለጋ ይሰበሰባል። የገብስ ዳቦ የለም፤ በቆሎና ማሽላ ነው። የሚበላ ግን ነበርና አላማርርም።

ቤት ያከራየን አቶ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው፣ ቆዳ ነጋዴ ነበር። አማርኛውም ኦሮምኛውም አፉ ላይ ነው። ሥራችሁ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መሪጌታ ቅኔ አስተምራለሁ አሉት።

«ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

«ታዲያ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ለእግዚአብሔር እናቀርበዋለን፤ እሱም እስከ ዛሬ አላስራበንም።»

አቶ ሰይድ የልጆቹን ቅልጥም አየ። «ይህን እያየሁ ልመንዎት መምህር?» አለና ቁልፉን ሰጠን።

ልመናው ልጆቹን ከበዳቸው። አገሩ የቅኔ ተማሪ አያውቅም። አንዷ የአርሲ ሴት፣ ልጆቹ በደጇ ስለ ማርያም ሲሉ ሰምታ፣ ማርያም ገበያ ወርዳለች፣ ማታ ተመለሱ አለቻቸው፤ ማርያም ልጇ ነበረች። እውነትም ማታ ቢመለሱ እናትና ልጅ በቆሎ ቀቅለው ጠበቋቸው። ከለገሃር አጠገብ ሱቅ ያለው ግሪክ ደግሞ አማተበና ጥቁር ጨዋማ ፍሬ ሰጣቸው። ዘነበ በአገራችን ወፍ የሚለቅመው የወይራ ፍሬ መሆኑን ሲሰማ፣ እመይቴ፣ ይህ ሰው ከወፍ ቆጥሮናል አለኝ። ያን ዕለት ሁላችንም ሣቅን። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ለረጅም ጊዜ አልተሣቀም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው፣ ማለትም አስቦ የሚያሰናዳው፣ ብቻውን ሆኖ ነው። በእኛ ጉባኤ ልማድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እያንዳንዱ ከሰው ርቆ፣ ዛፍ ሥር ወይም ውሃ ዳር ተቀምጦ፣ እስኪጨልም ሲያስብ ይቆያል። ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርማል። መንዝ ላይ ይህ ብርድ እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። አዳማ ግን ከተማው ጫጫታ ነው፤ ባቡር ይጮኻል፣ ግመል ያጓራል። ጸጥ ያለው ቦታ ከከተማው በታች የክረምት ውሃ የሚቆምበት ረግረግ ብቻ ነበር። ግራሮች አሉበት፤ ማታ ማታ ነፋሱም ደስ ይላል። መሪጌታ ራሳቸው መርጠው እያንዳንዱን በየግራሩ ሥር አስቀመጡት። የአገሩ ሰው ማታ ወደዚያ አይወርድም ነበር። እኛም ጸጥታው ለእኛ ተብሎ የተጠበቀ መሰለን።

አንድ ማታ ጥበቡ በዚያ ሙቀት እየተንቀጠቀጠ መጣ። ምች ነው ብለን ዳማ ከሴ አሸተን አጠጣነው፤ ተሻለው። በሦስተኛው ቀን ተመለሰበት። አቶ ሰይድ ሊጠይቀን መጥቶ ገና ከደጅ ሳለ፣ ወባ ነው፣ በዚህ ወር ፀሐይ ስትጠልቅ በዚያ ውሃ ዳር ከብት እንኳ አይቆምም አለን። ከሱቁ ኪኒን አምጥቶ ሰጠን። መሪጌታ ኪኒኑን ተቀበሉ፤ ነገር ግን የቀሩትን ልጆች ወደ ረግረጉ መስደዳቸውን አልተዉም። ለምን ብላቸው፣ መምህሬም የመምህሬ መምህርም ልጆቻቸውን እንዲህ ነው ያወጡት፤ ከሰው መካከል የተቆጠረ ቅኔ ቅኔ አይሆንም አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። የሚያውቁት መንገድ ያ ብቻ ነበር።

ሣህሉም ያዘው። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተኙ። ኪኒኑ ለሁሉም አልበቃም። በኅዳር ሚካኤል ማግስት ጥበቡ ዐረፈ። ጭንቅላቱ በጕልበቴ ላይ ነበር። እናቱን አልጠራም፤ የኔታን ጠራ፣ እሳቸውም እጁን ይዘው ነበር።

ከቀብር ሲመለሱ መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ጉባኤው ቆመ። እህል ሳቀርብላቸው ይነኩትና ይመልሱልኛል። ልጆቹም እሳቸውን እያዩ ደከሙ። ትኩሳቱ የለቀቃቸው እንኳ አልነሣ አሉ። ሣህሉ ከሰው ጋር መነጋገር ተወ። ዘነበ ዕቃውን ቋጥሮ ፈታ፣ ደግሞ ቋጠረ።

ድርጎ የሚሰጠን የደብሩ አለቃ ነበርና ሄጄ መምህሩ ታመዋል አልሁት።

«ወባ ነው?»

«አይደለም፤ አዝነው ነው።»

«ሐዘንማ ሁላችንም አለን፤ እኔ ቀድሼ ነው የመጣሁ። ያላስተማረ መምህር ድርጎ የለውም።»

«ድርጎው ከቀረ የታመሙት ልጆች ምን ይበላሉ?»

«ሲድኑ ይለምኑ» አለኝ። ይህንም ሲናገር በደግነት ነበር፤ ወንበር አቅርቦልኛል።

ቤት ስመለስ መሪጌታ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቅዳሜ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። መርዶውን ለጥበቡ እናት ራሳቸው ያደርሳሉ፣ ከዚያ ወደ ገዳም ይገባሉ፣ ከእንግዲህ ተማሪ አይዙም። ልጆቹን ላሰናብታቸው አሉ።

«የታመሙትንም?» አልኋቸው።

«በእኔ እጅ ከሚሞቱ መንገድ ላይ ይሙቱ።»

ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ልጆቹ ሰሙ። በዚያ ሐሩር ውስጥ እነዚያ ልጆች ያለ መምህር እንዴት እንደሚሆኑ አየሁት። ሣህሉ መቆም አይችልም ነበር። ወደ እመቤቴ ጸለይሁ፤ ጸሎቴም አጭር ነበር።

በዚያው ምሽት ገና ፀሐይ ሳትገባ ልጆቹን በደጅኛው ክፍል ሰበሰብኋቸው። በሩን ዘጋሁ፤ ለትንኙ ኩበት አጨስሁ። እያንዳንዱን በየማዕዘኑ አስቀምጬ ጋቢህን ተከናነብ አልሁት። የታመሙትን በተኙበት አከናነብኋቸው። ጥበቡ ይተኛበት የነበረው ቦታ ባዶ ቀረ።

ዘነበ ከጋቢው ሥር ሆኖ፦

«እመይቴ፣ የኔታ ሳይፈቅዱ?» አለኝ።

«የኔታ ታመዋል። የተከናነበ ሰው ብቻውን ነው፤ ቍጠር።»

 መሪጌታ ከውስጥ ሆነው ይሰሙናል፤ ተዉም ቀጥሉም አላሉም። በመጀመሪያው ምሽት አንድም ቅኔ የቆጠረ አልነበረም። በማግስቱ አንዱ ከጋቢው ሥር ሲያለቅስ ሰማሁ፤ አላባበልሁትም። ቢሆንም በየምሽቱ አከናነብኋቸው። ወደ ረግረጉ የወረደ አልነበረም።

ዐርብ ምሽት መሪጌታ ለመንገድ ያዘጋጁትን በትር ይዘው ከውስጥ ወጡ። ይሰናበታሉ ብዬ ቆምሁ። በትሩን ደጃፉ ላይ አስደገፉና በጥበቡ ቦታ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ልጆቹ መምጣታቸውን ያወቁ አልመሰለኝም።

ሲጨልም ዘነበ ተነሥቶ ስለ ጥበቡ የቆጠረውን ዘአምላኪየ መናገር ጀመረ። ሦስት ቤት ያላት አጭር ቅኔ ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በደኅና አለ። በሦስተኛው ድምፁ ተሰበረ፤ እንደምንም ጨረሰ።  ከጥበቡ ቦታ ድምፅ መጣ።

«ቤት አልመታም። ድገም።»

ዘነበ ደነገጠ። ደገመ፤ ዳግመኛም አቃተው።

«አለቅሳለሁ፣ የኔታ።»

«አልቅስና ድገም።»

አለቀሰና ደገመ። መሪጌታ በየቃሉ አረሙት። ሌላው ተነሣ፣ እሱንም አረሙት። ሣህሉ ተኝቶ ሳለ ሁለት ቤት ተናገረ፤ ከቀብሩ ወዲህ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። መሪጌታ ጋቢያቸውን ከፊታቸው አልገለጡም። ጋቢው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወባ ይሁን ልቅሶ ገልጬ አላየሁም። በኋላ የበቆሎ ገንፎ ሳቀርብ ተቀበሉ፤ ከሣህሉ ጋር በሉ። ስለ ቅዳሜ አላነሡም። በትሩ ከደጃፉ ላይ አልተነሣም።

በማግስቱ ጠዋት መሪጌታ ገና ተኝተው ሳሉ ወደ ለገሃር ሄድሁ። መርዶውን እሳቸው የማያደርሱት ከሆነ ሌላ ሰው ማድረስ ነበረበት። ያገሬን አነጋገር ስፈልግ አንድ የመንዝ ሰው አገኘሁ። ለብርድ የሚለበስ የሱፍ ባና ለቆላ ሰው ሊሸጥ መጥቶ፣ አንድም ሳይሸጥ፣ ተሸክሞት ሊመለስ ቆሟል። እኅቴ፣ እዚህ አገር እንኳን ባና ሸሚዝም ይበዛል አለኝ። ነገሩን ስነግረው ባናውን መሬት አስቀመጠ።

በመጀመሪያ ለጥበቡ እናት የንስሐ አባት እንዲነግር፣ እሳቸውም እንደ ወጉ ጎረቤት ይዘው ማልደው እንዲያረዷት አደራ አልሁት። ብቻውን እንዳልሞተ፣ መምህሩ እጁን ይዘው እንደነበር ንገርልኝ አልሁት። ባቡሩ ጮኸ።

«ሌላስ?» አለኝ።

ብዙ ነገር አሰብሁ። አፈሩ ቀይ መሆኑን፣ ከመቃብሩ አጠገብ ግራር እንዳለ። ከመንደራችን ወንዝ እስከዚያ ያለውን መንገድ ሁሉ አሰብሁ። በዚያ መንገድ ተመልሼ በፊቷ ብቆም ምን እንደምላት አላወቅሁም።

«ልጅሽን ያስተማሩት ሰው ትናንት ማታ አስተምረዋል በልልኝ» አልሁት።

ያጽናናታል ብዬ አይደለም። የምልክላት ሌላ አልነበረኝም። ሰውየው ተሳፈረ። ባቡሩ ከጉብታው ጀርባ እስኪሰወር ቆሜ አየሁ፤ ደጋው ከዚያ አይታይም። ተመለስሁና ለልጆቹ ውሃ ጣድሁ።