ከግድግዳው በኩል የቆረጥኩት ቁልቋል

ይህ ነገር ከሁሉ በላይ ሊነገረው ለሚገባው ሰው ተነግሮ አያውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። ለአላህ እንኳን በዱዓዬ በግልጽ አላልኩትም፤ እሱ የሚያውቀውን ምን እነግረዋለሁ እያልኩ ስንት ጊዜ አለፍኩት። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ፊታችሁን አላይም፣ ፊቴንም አታዩም። እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ሪያድ፣ ሱለይማኒያ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ያን ጊዜ ሁለት ነበርን፣ እኔና ሰሚራ። እኔ ወጥ ቤቱን ይዣለሁ፣ እሷ ጽዳቱንና ልብሱን። ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን፤ በዕድሜ ስለምበልጣት «እታለም» ነበር የምትለኝ። ሰሚራ አገር ቤት ለእናቷ ቤት እያሠራች ነበር። ግድግዳው ቆሟል፣ ጭቃው ተመርጓል፣ የቀረው ቆርቆሮ ብቻ ነው። እናቷ ጎረቤት ተጠግተው ነበር የሚያድሩት። ልጅቷ ሌላ ወሬ አልነበራትም፤ ሩዝ ስትለቅም ቆርቆሮ፣ ካልሲ ስታጥፍ ቆርቆሮ። ባል ትተሽ ቆርቆሮ ልታገቢ ነው እንዴ እያልኩ እቀልድባት ነበር።

አሠሪያችን ማዳም ሳሎኗ ውስጥ ቁልቋል ነበራት። አዎ፣ ቁልቋል። እኛ አጥር የምናጥርበት ቁልቋል። እዚያ ግን ኤሲ እየነፈሰለት፣ በሚያብረቀርቅ ሸክላ ውስጥ ቆሞ ጣሪያ ሊነካ ደርሷል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን በሳቅ ልሞት ነበር። በኋላ ግን የማዳም ሟች እናት በእጃቸው የተከሉት መሆኑን ሰማሁ። ሴትዮዋ ሲሞቱ ሌሎቹ ልጆች ወርቁንና ምንጣፉን ሲካፈሉ ማዳም እሱን ብቻ ይዛ መጣች አሉ። ሰሚራ አቧራውን ታብሳለች፣ በወር አንዴ ውሃ ትሰጠዋለች። ከዚያ ውጭ እንዳይነካ ታዘናል።

እኔ ነካሁት።

ማዳምና ቤተሰቧ ዑምራ ሄደው ቤቱ ለሁለታችን ቀረ። ያን ሰሞን አገሬ አገሬ ይለኝ ነበር። ጣራው ላይ፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለችው ክፍሌ መስኮቷ የጎረቤት ግንብ ነው የሚያሳየው። አንዲት ቁልቋል እዚያ ብትኖረኝ አልኩ። ደግሞ የአገሬን አጥር ለመቁረጥ ማንን ነው ፈቃድ የምጠይቀው አልኩ። ሰው ሊሰርቅ ሲነሳ ምክንያት አያጣም። ሰሚራ ፎቅ ላይ ልብስ ስትተኩስ ቢላዋ ይዤ ገባሁና ከግድግዳው በኩል ያለውን፣ ከፊት የማይታየውን ክንድ ቆረጥኩት። ወተቱ ተንዠቀዠቀ። ዓይኔ ውስጥ እንዳይገባ ፊቴን አዙሬ የወረደውን በሶፍት ጠረግኩና ክንዱን ጨርቅ ጠቅልዬ ጣራ ወጣሁ።

ቁልቋል እንዴት እንደሚራባ እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። የቆረጡትን ወዲያው አይተክሉትም። ጥላ ላይ ያጋድሙታል፤ ወተቱ ይቆማል፣ ቁስሉ ደርቆ ቆዳ እስኪያወጣ ይሰነብታል። ከዚያ ደረቅ አፈር ውስጥ ያቆሙታል፣ ሥር እስኪይዝም ውሃ አያሳዩትም። ቁስሉ ሳይደርቅ ውሃ ካገኘው ይበሰብሳል። የተቆረጠበት ግንድም እንደዚያው ነው፤ ጠባሳው እስኪደርቅ ውሃ ሊነካው አይገባም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አላወቅኩም ነበር ብል እንኳን የሚያምነኝ የአገሬ ሰው የለም። የሰረቅኩትን ክንድ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አጋድሜ እንደ አራስ ስጠነቀቅለት ነበርኮ!

በማግስቱ ከወጥ ቤት ብቅ ስል ሰሚራ ቁልቋሉ አጠገብ ቆማለች። የወሩ ውሃ ተራው ደርሶ ኖሯል። ማዳም ሳትመጣ ቤቱን ላሳምረው ብላ በመርጫ ከላይ እስከ ታች እያጠበችው ነው፤ አፈሩንም አርሳዋለች። ውሃው በግድግዳው በኩል፣ እኔ በቆረጥኩበት ላይ ሲወርድ አየሁ። ተዪው፣ ውሃ አታስነኪው ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ለምን ብላ ትጠይቀኛለች፣ ዞራ ታያለች፣ ቁስሉን ታገኘዋለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አልኩና ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ያን ቀን ምሳ ስንበላ ሰሚራ ቁልቋሉ እንዴት እንዳማረበት ነገረችኝ። እኔም አዎ አምሮበታል አልኳት።

ማዳም ስትመለስ ቁልቋሉ ከጀርባው ጠቁሮ መላላት ጀምሮ ነበር። ጥቂት ቀን ቆየና አንድ ረፋድ ላይ ተዘንብሎ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ውስጡ ገንፎ ሆኗል። ማዳም አልጮኸችም። መሬት ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ማን ውሃ እንዳጠጣው ጠየቀች። ሰሚራ እኔ ነኝ አለች፤ ምናልባት አብዝቼበት ይሆናል ብላም ጨመረች። እሷ እንዲህ ናት፣ ያላጠፋችውን ሁሉ የምትጨምር። ማዳም ወደኔ ዞራ አንቺስ የምታውቂው ነገር አለ አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

የሰሚራ ኮንትራት ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ሊታደስላትም ተነጋግረው ጨርሰው ነበር። ከፊሏ፣ ማለትም በስሙ ያስመጣት የማዳም ባል፣ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ አላድስም አለና ኹሩጅ አስመታባት፤ በቃሽ፣ ወደ አገርሽ ውጪ ማለት ነው። ሻንጣዋን ስትዘጋ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሾፌሩ ከውጭ ያላ፣ ያላ ይላል። ያኔም ጊዜ ነበረኝ። ደረጃውን ወርጄ ማዳም ጋ መድረስ ምን ያህል ነው? አልወረድኩም። ሰሚራ እጄን ያዘችኝ።

«እታለም፣ አውፍ በይኝ። በኔ ጥፋት አንቺንም ማዳም ፊት ነሳችሽ» አለችኝ።

ምን ያልኳት ይመስላችኋል? አውፍ ብያለሁ እህቴ አልኳት። ሳምኳትም። እኔ ላጠፋሁት እሷን ይቅር አልኳት! መቁረጡን ስስታም ያደርገዋል። ዝም ማለቱንም ፈሪ ያደርገዋል። ይህንንስ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚያደርገው? እሷ መኪና ውስጥ ገብታ እንኳን በመስኮት እጇን ታውለበልብልኝ ነበር።

በዚህም አልበቃኝም። ጣራ ላይ ያጋደምኩት ክንድ ቆዳ አውጥቶ፣ ተተክሎ፣ ሥር ያዘ። ለማዳም አወረድኩላትና ከወደቀው ውስጥ ደህናውን መርጬ አተረፍኩልሽ አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ። ኮንትራቴ ታደሰ፣ ለእረፍት አገሬ ገብቼ እንድመለስም ፈቀደችልኝ። ቁልቋሉ ዛሬ ከኔ ይበልጣል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማዳም አንዲቷ እንዳበሰበሰችው፣ ይቺ ደግሞ እንዳዳነችው ታወራለች። እኔም የሻይ ሰሃን ይዤ ቆሜ እሰማለሁ፣ ፈገግም እላለሁ።

በዚህ ሰሞን ሰሚራ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ቆርቆሮ ሳይለብስ ክረምት ገባና ግድግዳው ተንዶ አለቀ አለች። እናቷ ዛሬም የሰው ቤት ናቸው። የማዳም ልብ ራርቶ ከሆነ ለምኚልኝ፣ ልመለስ፣ ሁለተኛ ተክል አልነካም አለችኝ። ሁለተኛ ተክል አልነካም!

ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ማዳም ጋ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት። ቢላዋውን፣ ውሃውን፣ ጣራውን፣ ውሸቴን። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ «ኸላስ፣ ያለፈ ነው። ተክል ነው» አለችኝ። ሰሚራን ትጠሪያት ይሆን ብላት ቦታው በሌላ ሰው መያዙን ነገረችኝና ለምሳ ምን እንዳሰብኩ ጠየቀችኝ። ሩዝ አልኳት። ያኔ ብናገር ኖሮ እንዲህ ትለኝ እንደነበር አላውቅም። ከእንግዲህም አላውቀውም።

አሁን የቀረችው ሰሚራ ናት። ስልኩን ስንት ጊዜ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ለእናንተ መንገሬ ለእሷ የምለውን እንድለማመድ ነው። እንዲህ ልላት ነው፦

ሰሚራ፣ ውሃ አላበዛሽም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እኔ ቆርጬው ነበር፣ ስታጠጪውም ቆሜ አይቼሻለሁ። አውፍ በይኝ አልልሽም፤ ብትይኝም እንዳልቀበልሽ አላህ ይርዳኝ። የእናትሽን ቤት ያፈረስኩት እኔ ነኝ።