ቅጠሏ የማይጠረግ ጥግ

ሰሞኑን በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ከጽድ ዛፎች ሥር ዝናብ ያራሰው ቅጠል ሸተተኝና ለፈተና የያዝኩትን ደብተር ዘግቼ ቆምኩ። ያ እርጥብ፣ ትንሽ መረር የሚል ሽታ ካዛንቺስ፣ ከድሮ ቤታችን ጀርባ ወደሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ይዞኝ ሄደ።

ልጅ ሳለሁ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ለሰፈሩ ልጆች ጫካችን ነበር። ከቅጥሩ ውጪ የታክሲ ረዳቶች ጩኸትና የሆቴሎች ሙዚቃ ሲደባለቅ፣ ከውስጥ ግን ወይራና ጽድ ተቃቅፈው ያደጉባት፣ በቀትር እንኳ የምትቀዘቅዝ አንዲት ጥግ ነበረች። ግቢያችን ተከራይታ የምትኖረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ሰብለ ለመመረቂያ ጥናቷ የምትከታተላትን ሸረሪት ያገኘችው እዚያ ነው። ሸረሪቷ እንደ ሌሎቹ ድር ዘርግታ አትጠብቅም፤ መሬት ትቆፍርና አፈሩን በድሯ አጣብቃ የለስላሳ ቆርኪ የምታክል በር ትሠራለች። ሰብለ በከተማዋ ስንት ዛፍ ሥር ተንበርክካ ብትፈልግ ሌላ ቦታ አላገኘቻትም። የወደቀው ቅጠል ከተነሣ አፈሩ ይደርቃል፣ እሷም ታልቃለች ትለን ነበር።

ችግሩ የመጣው ንግሥ ሲደርስ ነው። ታቦት የሚወጣበትን ግቢ አንድ ቅጠል ሳያስቀሩ መጥረግ በሰፈራችን የክብር ጉዳይ ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ልጃቸው ከሕመሙ ስለተነሣላቸው ግቢውን ከጥግ እስከ ጥግ ሊጠርጉ ተስለዋል። ሰብለ ጥጓን እንዲተዉላት ስትለምናቸው መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሰሟት።

«ለሸረሪት ብዬ ስለቴን ላጉድል? አንቺ ልጅ፣ ትምህርቱ በዛብሽ መሰለኝ!»

ሰብለ አስጎነበሰቻቸውና በሣር ጫፍ የሸረሪቷን በር ዳር ነካ ነካ አደረገች። እኛ ልጆች ከብበን ስንጠብቅ ክዳኑ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ሁለት ቡናማ እግሮች ብቅ አሉ፣ ከዚያም በሩን ወደ ውስጥ ስባ ጥርቅም አደረገችው።

«ውይ! ዘጋችብኝ እኮ!» አሉ እትዬ ዘነበች ወደ ኋላ እያፈገፈጉ። ሳቁ፤ ከዚያ መጥረጊያቸውን ከጥጓ አራቁ። «የሰው ቤት አፍርሼማ ስለት አይባልም።»

ግን ስለቱ እንቅልፍ ነሳቸው። የነፍስ አባታቸውን ቢጠይቁ፣ በጥጓ ፈንታ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጪ ያለውን መንገድ ይጥረጉ አሏቸው። እስከ ታክሲው ፌርማታ ድረስ ጠረጉት። ረዳቶቹ «ማዘር፣ በዚያው ሚኒባሷንም አንዴ!» እያሉ ሲያሾፉባቸው፣ በመጥረጊያው አባረዋቸው ተመለሱና ማንም እንዳይነካት ጥጓን ዘብ ቆሙ።

አሁን ሰፈራችን ፈርሷል። በአጥር ላይ ጨው እንቀባበልበት የነበረው ግቢያችን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ የእኛ በር የቱ ጋ እንደነበር ለመገመት እንኳ ቸገረኝ። እትዬ ዘነበች ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፣ ሰብለ ክፍለ ሀገር ታስተምራለች፤ በየቀኑ በስም እንጠራራ የነበርን ሰዎች ዛሬ የምንገናኘው፣ ከተገናኘንም፣ ለንግሥ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ስሄድ ጥጓን ራቁቷን አገኛት ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ከሚጠርጉት ወጣቶች መካከል አንድም የማውቀው ፊት አልነበረም። ቅጠሉ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ተከምሯል። ልጠጋ ስል መጥረጊያ የያዘች ልጅ የነጠላዬን ጫፍ ሳብ አደረገች።

«እህቴ፣ እዚያ ጋ አይረገጥም።»

«ለምን?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። ድሮም አይጠረግም፣ አይረገጥም፤ በቃ እንደዚያ ነው የተባልነው።»

እሺ አልኳትና ዞሬ አለፍኩ።